እማዬ እንዳታለቅስ

ከዓይን ኦፕሬሽኑ በኋላ ሐኪሙ ለወይዘሮ ዘርፌሸዋል ያዘዘው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ ዓይንዎን አይሹት፣ ጭስና አቧራ አይጠጉ፣ ጎንበስ ብለው ከባድ ነገር አያንሡ። «አያልቅሱ» የሚለውን አራተኛ ትእዛዝ የጨመረው የየካ ሚካኤል ሰፈር ነው። መጀመሪያ ማን እንደተናገረው አይታወቅም። ብቻ ሆስፒታል ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ «እንባ ጨው አይደለም እንዴ? በትኩስ ቁስል ላይ ጨው?» እያለ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። እኛ ዘንድ ሐኪም ሦስት ሲያዝ ጎረቤት ስድስት ያዛል፤ የሚፈጸመው ደግሞ የጎረቤቱ ነው። ልጃቸው ሰላማዊት በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወንበር ይዛ ስንቱን ባለጉዳይ «ማስረጃህ የታለ?» የምትል ሴት ናት። ይህን አንድ ነገር ግን ያለ ማስረጃ አመነች። ማመን ብቻም አይደለም፣ ለእናቷ እንባ ዘበኛ ሆና ቆመች።

እንዲህ የሆነችው ወዳ አልነበረም። የእናቷ ውሻ ሞቷል፤ እናቷ ደግሞ አልሰሙም።

ውሻው «ተዋቸው» ይባል ነበር። የድሮ ሰው አጥር የገፋበትን ጎረቤት ፊት ለፊት አይሳደብም፤ የልቡን ለውሻው ስም አድርጎ ያወጣና በአጥሩ ሥር ሲጠራው ይውላል። ወይዘሮ ዘርፌሸዋልም ባለቤታቸው በሞቱ ዓመት ከላይኛው ቤት ጋር በድንበር ተቀያይመው ነበርና ያን ጊዜ ያሳደጉትን ቡችላ ተዋቸው አሉት። ቅያሜው በርዶ ሰዎቹ ተቃቅፈው ታረቁ፤ ስሙ ግን ቀረ። ጥቅምም ነበረው። ውሻው አላፊ አግዳሚውን ሊዘነጥል ሲነሣ ስሙንም ትእዛዙንም በአንድ ቃል ይጨርሱታል።

በኋላ የሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደውና ብርሃንና ጥላ ብቻ ሲቀራቸው፣ ተዋቸው መሪያቸው ሆነ። ገመዱን ይዘው ከኋላው ይሄዳሉ፤ ቁልቁለቱን አውርዶ፣ ዳገቱን አውጥቶ ሚካኤል ደጅ ያደርሳቸዋል። ውሻ ቅጽር አይገባምና ቅዳሴው እስኪያልቅ ከበሩ ማዶ ተጋድሞ ይጠብቃል። «ኦፕሬሽን ምን ያደርግልኛል? ዓይኔ ይኸው በአራት እግሩ ይሄዳል» እያሉ ስንት ቀጠሮ አሳለፉ። ሰላማዊት ለመነች፣ ተቆጣች፣ አኮረፈች። እሳቸው ወይ ፍንክች።

ታዲያ ሰኔ ላይ፣ ጭጋጉ መሬት በነካበት አንድ ጠዋት፣ ተዋቸውን ከጠሀ ሱቅ ፊት ለፊት መኪና ገጨው።

ጠሀ ማለት ከወይዘሮ ዘርፌሸዋል አጥር ጋር የተለጠፈችው ሱቅ ባለቤት ነው። ከስልጤ ልጅ ሆኖ መጥቶ፣ እዚሁ አግብቶ ወልዶ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ «እትዬ ዘርፌ ምን ጎደለ?» ሳይል ሱቁን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን ተረት ሰላማዊት የምታምነው በእሱ ነው። ከውሻ ጋር ግን አይሆንለትም። በሃይማኖቱ የውሻ ምራቅ ከነካው የመታጠቡ ጣጣ፣ አፈሩም ውሃውም፣ ብዙ ስለሆነ፣ ተዋቸው በሱቁ በር ሲያልፍ ሱሪውን ሰብስቦ ወደ ውስጥ ይሸሽ ነበር። አጥንት እንኳ ቢኖረው ከሩቅ ነው የሚወረውርለት።

ያን ቀን ለሰላማዊት ደወለላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ሰላማዊት አለቀሰች። ቀጥሎም እናቷን አሰበችና ለቅሶዋ ደረቀ።

«ይህን ከሰሙ አልቆላቸዋል» አለ ጠሀ። «ቤቱ ውስጥ ከእሱ ሌላ ማን አላቸው? ኦፕሬሽኑማ የማይታሰብ ነው። ዝም በይ ሰሊዬ። ሌላ እፈልጋለሁ።»

«ሌላ ምን?»

«ሌላ ውሻ።»

እውነትም ሳይመሽ አገኘ። ቁመቱ ያው፣ ጸጉሩ ያው፣ ቡናማነቱ ያው። የተዋቸው ደረት ላይ የነበረው ነጭ ብቻ የለውም። «ነጭ በእጅ አይዳሰስም» አለ ጠሀ። ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። ወይዘሮ ዘርፌሸዋል ገመዱን ተቀበሉ፣ የውሻውን ራስ ዳሰሱ፣ ምንም አላሉም። ይባስ ብሎ በክረምቱ መካከል ለልጃቸው ደውለው፣ «እንግዲህ ያን ሐኪምሽን አነጋግሪው» አሏት። ሰላማዊት ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ውሸቱ ሠራ ብላ ለጠሀ ስትነግረው እሱም «አልሐምዱሊላህ» አለ። ማታለል እንዲህ የሚያስመሰግን ከሆነ ምን ይባላል?

የማያስመሰግነው ጥቅምት ላይ መጣ። ዓርብ ጠዋት ከቀኝ ዓይናቸው ላይ ፋሻው ሲፈታ ወይዘሮ ዘርፌሸዋል መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን ነው።

«ከስተሻል» አሏት።

ከዚያ የነርሷን ጫማ አዩ። መስኮቱን አዩ። የመጋረጃውን እጥፋት አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሉ። ሰላማዊት የጠበቀችው ደስታ ነበር፤ እልል ይላሉ፣ ያቅፉኛል ብላ። የመጣው ግን ሌላ ነው። እናቷ ትልቅ ሰው ደጅ እንደቆመ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ቆጥበው ነበር የሚያዩት። እሷም ሳታውቀው መንሾካሾክ ጀመረች።

ሐኪሙ ሰኞ ተመልሰው እንዲታዩ ቀጠረ። ሰላማዊት ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ለጠሀ ደወለች።

«ቤት ከገቡ ውሻውን ያዩታል» አለችው። «ካዩት ያለቅሳሉ።»

«እስከ ሰኞ አንቺ ጋ አቆዪአቸው። ሐኪሙ ድኗል ካለ በኋላ በወጉ እንነግራቸዋለን። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የዕድሩን ሰብሳቢ አቶ ልደቱን፣ ሌላም ሽማግሌ ይዤ እገባለሁ።»

«መርዶ ልትነግር ነው? ለውሻ?»

«ታዲያ በየት አፌ ነው ብቻዬን የምነግራቸው?»

ነገሩ የሚያስቅ እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አልሳቁም።

እንግዲህ ሰላማዊት እናቷን ሲግናል ሰፈር ወደ ተከራየችው ቤት ወስዳ፣ ቅዳሜና እሁድን የሚያስለቅስ ነገር በማይደርስበት ቦታ ልታሳልፍ አሰበች። አበባ ማንን ያስለቅሳል? አሳቂ ፊልም ማንን ያስለቅሳል? ለጉዳዩ ዕቅድ አወጣች፤ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለች?

ቅዳሜ እንጦጦ ወጡ። እዚያ ቢራቱ የሚባል ገበሬ አለ፤ የአባቱን ባሕር ዛፍ ነቅሎ አበባና ችግኝ የተከለ፣ ሰው እየመጣ ሲያይለት ደስ የሚለው። ሰላማዊት ለቢሮዋ በረንዳ ችግኝ ከእሱ ነው የምትወስደው። ብርዱ ይቆነጥጣል፤ ፀሐዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። ወይዘሮ ዘርፌሸዋል ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ጠቅልለው፣ የልጃቸውን ክንድ ይዘው በሩን አለፉ፤ አለፉና ቆሙ።

ጽጌረዳው፣ ዳልያው፣ አጥሩን ሞልቶ የወጣው ቡገንቪል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባቸው። ዓይናቸው አዋጅ ሆነባቸው። ሰላማዊት ወደ ጽጌረዳው ልትመራቸው ስትል እጇን ለቀው ወደ አንድ ተራ ነገር ሄዱ፤ የጎመን ቅጠል ነበር። በቅጠሉ ላይ ሌሊት ያደረ ጤዛ አለ። ጎንበስ ማለት ስለተከለከሉ ቢራቱ በርጩማ አምጥቶ አስቀመጣቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን አስጠጉ።

«ሰላሜ፣ ነይ ይህን እይ» አሉ። «መንገድ አለው።»

«የቅጠሉ ሥር ነው እማዬ።»

«ትልቁ መንገድ ትንንሹን ይወልዳል፤ ትንንሹ ደግሞ ሌላ ይወልዳል። ማን አየው ብሎ ነው እንዲህ የደከመበት?»

ሰላማዊት ጎመን ስትከትፍ ያደገች ልጅ ናት። አጎነበሰች። እውነትም መንገድ ነበር፤ ከመሐል ወጥቶ እስከ ዳር፣ ዳሩ ላይ ደርሶም የማያቆም የሚመስል። አንዲት ንብ አጠገባቸው ካለው አበባ ላይ አረፈች፤ እግሮቿ ላይ ቢጫ ጭነት ነበር። እናቷ ትንፋሻቸውን ዋጡ። «ተሸክማለች» አሉ በሹክሹክታ። ሰላማዊት ስለ ንብ ያልሰማችው የለም፤ ስትሸከም ግን አይታ አታውቅም። የእናቷን እንባ ስትጠብቅ የራሷን ዘንግታ ኖሯል፤ ፊቷን አዙራ በሻርፗ ጠረገች።

ቢራቱ ከጀርባቸው ቆሞ፣ «እማማ፣ እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከአበባው ጋር ፎቶ ተነሥቶ ነው የሚሄደው። ለጎመኔ ወንበር የጠየቀ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አለ። ከአጥሩ ጫፍ ወስዶም ከተማዋን አሳያቸው። ወይዘሮ ዘርፌሸዋል ለመጨረሻ ጊዜ ሲያዩዋት ቆርቆሮና ዛፍ ነበረች። አሁን መስታወት የለበሱ ፎቆች ከጭጋጉ ውስጥ ወጥተው ያበራሉ። እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ ጋርደው ከዳር እስከ ዳር አዩዋት። ቀጥለው፣ «እኔ ቤት ተቀምጬ ይህ ሁሉ ሲበቅል ምነው ድምፅ እንኳ አልሰማሁ» አሉ።

ከቢራቱ ግቢ ወጥተው ወደ ታች ሲመለሱ አንዲት የአትክልት ቦታ ያላት ሻይ ቤት አለች። ሰላማዊት ኬክ ላብላት ብላ ገባች፤ ገብታም ተጸጸተች። ቤቱ የውሻ ቤት ሆኗል። በየጠረጴዛው ሥር ውሻ አለ፤ አንዱ ሻርፕ አለው፣ አንዱ እንደ ሕፃን የሚገፋበት ጋሪ አለው። ከጎናቸው የተቀመጠች ሃይሚ የምትባል ወጣት በጭኗ ላይ ሹራብ የለበሰች ነጭ ውሻ ይዛ በማንኪያ ክሬም ታጎርሳለች።

«ልብስ ለብሳለች ልበል ወይስ ዓይኔ ገና ነው?» ሲሉ ጠየቁ ወይዘሮ ዘርፌሸዋል።

«ለብሳለች ማዘር፤ ብርድ አትችልም። በጣም ሴንሲቲቭ ናት» አለች ሃይሚ።

«ስሟ ማነው?»

«ኩኪ።»

«ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው እንዲህ ያልሻት?»

ሃይሚ አልገባትም፤ ሰላማዊት ሳቋን በኬክ አፈነችው። እናቷ ግን የምራቸውን ነበር። ኩኪን በእጃቸው አቁመው የአፍንጫዋን እርጥበት፣ የጆሮዋን ውስጥ፣ የሽፋሽፍቷን ቀለም አዩ፤ ከኬካቸው ቆርሰው አጎረሷት። ውሻዋ ስትልሳቸው እንደ ሕፃን ሳቁ። አስተናጋጁ ለውሾቹ የተቀቀለ አጥንት በሳህን ይዞ ሲዞር ደግሞ አስጠሩት።

«በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለሰው ነበር» አሉት። «ይሁን፣ ዘመኑ ነው። አንዱን ጠቅልልልኝ የኔ ልጅ። ለውሻው ነው፤ ቤት የሚጠብቀኝ አለ።»

ሰላማዊት ሹካዋን አኖረች። አስተናጋጁ አጥንቱን በወረቀት ጠቅልሎ አመጣ፤ እናቷ ቦርሳቸው ውስጥ በጥንቃቄ አኖሩት። በዚያች ሰዓት ሰላማዊት ሁሉንም ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ያችን ገና ያልሻረች ዓይን፣ ቅጠል ውስጥ መንገድ ያየችውን ዓይን አየችና ዘጋችው። ሰኞ ሐኪሙ ይየው፤ ከዚያ በኋላ የፈለገው ይምጣ።

ማታ ፊልም ከፈተች። በጣም አሳቂ ነው ብለው የመከሯት የአማርኛ ፊልም ነበር። አሳቂው ፊልም በለቅሶ ድንኳን ጀመረ። ሰላማዊት ከሶፋው ዘልላ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች።

«ምነው?» አሉ እናቷ።

«ይሄ... ይሄ አይጥምም፣ ላሳልፈው።»

«ዞር በይ። ድንኳኑን ልየው። ድንኳንም እንዲህ ያለ ቀለም መጣ?»

ታሪኩን አልተከተሉም። ማን ማንን እንደሚያገባ፣ ማን እንደሸሸ ግድ አልሰጣቸውም። እሳቸው የሚያዩት ከተዋንያኑ ጀርባ የሚያልፈውን ሰው፣ የግድግዳውን ሥዕል፣ የአንዷን ሴት ሽሩባ አሠራር ነበር። «ያች ልጅ እጇ ላይ ጠባሳ አላት፤ ምን ሆና ይሆን?» ይላሉ። መሐል ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከነወንበሩ ሲወድቅ ግን እስኪንቀጠቀጡ ሳቁ፤ ከሳቁም ብዛት እንባ መጣ። ሰላማዊት በሶፍት ደረሰች።

«ተይኝ። ይሄ የሳቅ ነው፣ አይቆጠርም» አሏት።

እሁድ ጠዋት በመስኮቱ በኩል ወደ ሚካኤል ዞረው ተሳለሙ። ከቀትር በፊት የአከራይዋ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥተው፣ በቀለም ቆርቆሮ የተተከሉትን ጤና አዳምና ኮሰረት እያሸተቱ ፀሐይ ሞቁ። እናቷ የቆርቆሮዎቹን ዝገት ሳይቀር አደነቁ፤ ዝገት ውስጥ ወርቅማና ቀይ አለ አሉ። ሰላማዊት እሺ ብቻ ማለትን ተምራለች። እናቷን ይዛ ስትዞር፣ እሳቸው ሠላሳ አምስት ዓመት የኖረችበትን ከተማ እንደ አዲስ እያሳዩዋት ነበርና ደስታዋ ልክ አልነበረውም። አልፎ አልፎ ግን ያ አጥንት ትዝ ይላታል።

ከምሳ በኋላ ሁለተኛውን ፊልም ከፈተች። ይኸኛው ሰው የለበትም፤ ሰው ከሌለ የሚሞት የለም ብላ የመረጠችው የባሕር ፊልም ነበር። ወይዘሮ ዘርፌሸዋል ባሕር አይተው አያውቁም። ውሃው ስክሪኑን ሲሞላው ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከሥር አንድ ጥቁር ነገር ታየ፤ አደገ፤ ገና አላለቀም። ከዚያ ውሃው ተሰነጠቀና ዓሣ ነባሪው ሙሉ ገላው ወጥቶ በአየር ላይ ዞረ።

እናቷ ተነሥተው ቆሙ። አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንጌል ሲነበብ እንደሚቆሙት ቆሙ።

«ዮናስን የዋጠው ይሄ ነው?»

«እንደዚህ ያለ ይሆናል እማዬ።»

«ሦስት ቀን ጨለማ ውስጥ» አሉ። «ሲተፋው መጀመሪያ ምን አይቶ ይሆን?»

ፊልሙ እስኪያልቅ አልተቀመጡም። ሲያልቅ ወደ ልጃቸው ዞሩና፣ «አሁን ወደ ቤቴ ውሰጅኝ። ላየው የምፈልገው ሰው አለ» አሏት።

ሰላማዊት ያልሞከረችው ሰበብ የለም። ነገ ሐኪም ጋ ከዚሁ ይቀርባል አለች፤ ብርዱን አነሣች፤ ሦስተኛ ፊልም አለ አለች። እናቷ ጫማቸውን አድርገው ጨርሰዋል። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ። ሽንት ቤት ገብታ ለጠሀ ደወለች።

«ዛሬ?» አለ ጠሀ። «ያ ረቢ። በይ፣ በመንገድ አዘግዪአቸው። አንድ ነገር አደርጋለሁ።»

ምን እንደሚያደርግ አልነገራትም። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ሰላማዊት የእናቷን እጅ ይዛ በልቧ ሚካኤልን ትለምን ነበር። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ ያች አንድ ዓይን እንዳትበላሽ፣ እናቷም «ልጄ አታለለችኝ» ብለው ፊታቸውን እንዳያዞሩባት ብቻ።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ጠሀ ከወይዘሮ ዘርፌሸዋል በር ፊት ለፊት ተንበርክኳል፤ ውሻውን በክንዱ አንገቱ ላይ አቅፎ ይዞታል። ሚስቱ ዘሀራ ከሱቁ መስኮት አፏን ይዛ ታያለች። የውሻው ደረት ነጭ ነበር። በጣም ነጭ ነበር። የሚካኤል አጥር እንኳ ለበዓል ተቀብቶ እንዲህ አይነጣም። ከነጩ ላይ ጠብታ ወደ መሬት ይወርዳል።

ወይዘሮ ዘርፌሸዋል ከመኪናው ወረዱና መነጽራቸውን አወለቁ። ውሻው ጅራቱን እየቆላ ሊደርስባቸው ተፍጨረጨረ። ከቦርሳቸው አጥንቱን አውጥተው ሰጡት። ደረቱን በጣታቸው ነኩ፤ ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት።

«ኖራ ነው» አሉ።

ጠሀ ከተንበረከከበት ተነሣ። ለመርዶው ያሰበው ንግግር ጨርሶ ጠፍቶበታል፤ አቶ ልደቱም የሉም። «እትዬ ዘርፌ» አለ፤ «መቼም የፍጡር ነገር... ሁላችንም መንገደኞች ነን... ጽናቱን ይስጥዎት እንጂ...»

«ተው ልጄ፣ አትቸገር። ለተዋቸው እኔ በሰኔ አልቅሼለታለሁ።»

ውሻው አጥንቱን ሲቆረጥም ይሰማል።

«ገመዱን እጄ ላይ ያኖርክልኝ ቀን ነው ያወቅሁት» አሉ ወይዘሮ ዘርፌሸዋል። «ዓይኔ ነው የጠፋው፣ እጄ አይደለም። ይሄኛውማ የሚካኤልን መንገድ እንኳ አያውቅም። እኔ ዕውሯ ነኝ እየመራሁ ያስተማርኩት።»

«ታዲያ እማዬ፣ ለምን ዝም አልሽ?» አለች ሰላማዊት።

እናቷ ለእሷ ሳይሆን ለጠሀ መለሱ። «የዚያን ዕለት ማታ ተኝቼ እያለቀስኩ ሳለ ከአጥሩ ማዶ ውሃ ስታወርድ ሰማሁ። አፈር ስትፈትግ፣ ከዚያ ውሃ፣ ደግሞ ውሃ። ሰባት ጊዜ። ጠሀ ውሻ እንደማይነካ እኔ አላውቅም? ለእኔ ብለህ አቅፈህ እንዳመጣኸው ያን ጊዜ ገባኝ። ለቅሶዬን ያስተወኝ እሱ ነው። ውሻው ቤቱን እስኪለምድ እየጠፋ፣ አንተ እየያዝክ ስትመልሰው፣ ማታ ማታ ያን ውሃ እሰማ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ፤ ማወቄን ካወቅህ ታፍራለህ፣ ካፈርክ ትተዋለህ ብዬ። ግን ስንት ጊዜ አሰብኩ። እንዲህ የሚያደርግልኝ ሰው መልኩ አሁን ምን ይመስል ይሆን? ሳላየው ልሙት? ኦፕሬሽኑን እሺ ያልኩት ለዚህ ነው።»

ሰላማዊት ጆሮዋን ማመን አቃታት። ውሸታቸው የሠራ መስሏት ነበር። ክረምቱን ሙሉ እናቷን የተሸከመቻቸው እሷ መስሏት ነበር። ለካ እናቷ ናቸው ሁለቱንም አቅፈው የያዟቸው።

ወይዘሮ ዘርፌሸዋል ወደ ጠሀ ቀረቡ። ያን ቅጠል ባዩበት አኳኋን፣ ትንፋሻቸውን ቆጥበው፣ ፊቱን ከግንባሩ እስከ ጢሙ አዩት።

«ሸብተሃል» አሉት፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

ሰላማዊት ሶፍቷን ይዛ አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ተወችው። እናቷ ዓይናቸውን አላሹም፤ ዝም ብለው እንዲፈስ ተዉት።

ጠሀ ምን እንደሚሆን ጠፋው፤ እጆቹን ከሰውነቱ አርቆ ይዟቸዋል። ግማሹ ኖራ ነው፣ ግማሹ የውሻው ምራቅ።

«ዘሀራ፣ ያን ጆግ ሞልተሽ አምጪልኝ» አሉ ወይዘሮ ዘርፌሸዋል። «ሰላሜ፣ ከአትክልቴ አፈር ዝገኝ። ንጹሑን።»

ጆጉ ሲመጣ ጠሀ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ኧረ እትዬ፣ አይሆንም። ታናሽ ነው ታላቁን የሚያስታጥበው።»

«ዝም በልና እጅህን ዘርጋ። አፈሩ ስንተኛው ላይ ነው?»

«መጀመሪያው ላይ» አለ ጠሀ፤ እሱም እያለቀሰ ነበር።

ሰላማዊት አፈሩን መዳፉ ላይ አደረገችለት። እናቷ በሁለት እጃቸው ጆጉን ይዘው ማፍሰስ ጀመሩ፣ ጮክ ብለውም ቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት። ኖራው ከአፈሩ ጋር ወረደ። ውሃው እንዳያንስ በመካከሉ ዘሀራ ጨመረችላቸው። ሰባት ብለው ከጨረሱ በኋላ ጆጉን መሬት አኖሩና የጠሀን እጅ ያዙ፤ ገልብጠውም መዳፉን፣ እዚያ ላይ ያሉትንም መስመሮች፣ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ አዩ።